የፔንሲዮን የዲሽ ገመድ ሲነዝርና ቻናል ሲጠፋ፦ ብልሽቱን በመለካት ማግኘት

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ አንድ ዲሽ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ክፍል የሚያከፋፍል ፔንሲዮን ሞልቷል። ቻናል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው በየቦታው ያው ነው፤ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያንቀሳቅሳል። ዲሽ ግን ብሎኑ ካልላላ፣ ነፋስ ካልመታው ወይም ሰው ካልነካው ከቦታው አይነቃነቅም። በጋራ መስመር ላይ የሚያጋጥሙን ብልሽቶች አብዛኞቹ የአቅጣጫ ሳይሆኑ የኤሌክትሪክ ናቸው። ዲሹ ያለ ምክንያት ከተነካ ደግሞ አንዱ ብልሽት ሁለት ይሆናል። ይህን የምንጽፈው መሰላል ከመቆሙ በፊት መልቲሜትር እንዲወጣ ነው።

በዲሽ ገመድ ውስጥ ሁለት ነገር ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች ሲግናል ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ ደግሞ ኤልኤንቢውን፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት የተገጠመውን ሲግናል ተቀባይ፣ የሚያሠራው ዲሲ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው ቨርቲካል (ቆሞ የሚመጣውን ሲግናል) ይቀበላል፣ 18 ሲልክ ሆሪዞንታል (ተጋድሞ የሚመጣውን)። የ22 ኪሎኸርዝ ቶን (በዲሲው ላይ የሚጫን ምልክት) ከተጨመረበት ከ11700 ሜጋኸርዝ በላይ ወዳለው ባንድ ይዞራል። ሦስተኛው ነገር መሄድ የማይገባው ነው፤ ከ220 ቮልቱ መስመር ሾልኮ በገመዱ የውጪ መረብ ላይ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ። ሰው የሚጎዳው እሱ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

መያዝ ያለባችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። መልቲሜትር፣ ጫፋቸው መንከሻ ያለው ሁለት ሽቦዎች፣ 10 ኪሎኦም 10 ዋት ሬዚስተር፣ 100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር፣ ትንሽ ማግኔት፣ እንደሚሠራ የተረጋገጠ አንድ ኤልኤንቢና ሁለት ሜትር ጤነኛ ገመድ። ሁለቱ ሬዚስተሮች ርካሽ ናቸው፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ሁሉ ግን በእነሱ ላይ ይቆማል።

ገመዱ ይነዝራል ወይ?

ኮኔክተሩን ከቴሌቪዥኑ ሲነቅሉ ጣት ውርር ካደረገ፣ ወይም ጣሪያ ላይ የኤልኤንቢውን አንገት ሲይዙ ከነዘረ፣ ምንጩ ከሁለት አንዱ ነው። ሁለቱን መለየት ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ሹልከት ነው። በእያንዳንዱ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ፣ በ220 ቮልቱ ወገንና በሻሲው (በዕቃው የብረት አካል) ወገን መካከል፣ የድምፅና የምስል ረብሻን ለማጥፋት የተገጠመ ትንሽ ካፓሲተር አለ። ዕቃው ኤርዝ በሌለው ባለሁለት እግር ስፒና ሲሰካ ሻሲው በዚህ ካፓሲተር በኩል ተንሳፍፎ ከ220ው ግማሽ አካባቢ ላይ ይቆማል። መልቲሜትር 80 ወይም 110 የሚያነበው ለዚህ ነው። ዕቃው አልተበላሸም፤ የአንዱ ዕቃ ሹልከት ከግማሽ ሚሊአምፔር ያነሰ ነው። ችግሩ የዲሽ ገመድ የሁሉንም ክፍል ሻሲ በመረቡ አንድ ላይ ማሰሩ ነው። 15 ክፍል ቢኖርና በየክፍሉ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ቢሰካ 30 ዕቃ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ፌዝ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ) ላይ ሆነው እያንዳንዳቸው 0.2 ሚሊአምፔር ቢያሾልኩ 6 ሚሊአምፔር ይከማቻል። ይህ የሚያም መጠን ነው። 10 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል። መሰላል ላይ የቆመ ሰው ግን ለመውደቅ ያን ያህል አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ቀጥታ ንክኪ ነው፤ ፌዝ በሆነ መንገድ መረቡን ወይም የዲሹን ብረት ነክቷል። ይህ ይገድላል።

ባለመብራቷ የቴስተር ካቻቪቴ እነዚህን ሁለቱን አትለይም፤ ለትንሿም ሹልከት ትበራለች። መልቲሜትሩም ብቻውን አይለይም፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ትልቅ ስለሆነ ሹልከቱን ሳይጫነው ያነበዋል። የሚለየው 10 ኪሎኦሙ ሬዚስተር ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ሬዚስተሩን በመንከሻ ሽቦ አንድ ጫፉን ከገመዱ መረብ፣ ሌላውን ከእውነተኛ ኤርዝ ጋር እሰሩ። ኤርዝ ከሌለ እርጥብ መሬት ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ የተመታ ፌሮ ለመለኪያ ይበቃል። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ ላይ አያይዙት። ከዚያ እጃችሁን ከሁሉም ነገር አንሥታችሁ ብሬከሩን አብሩና አንብቡ። ያነበባችሁትን ቮልት ለ10 ብታካፍሉት በሚሊአምፔር የሚሾልከውን ታገኛላችሁ።

ከ10 ቮልት በታች ከሆነ የአንድ ወይም የሁለት ዕቃ የተለመደ ሹልከት ነው። ከ10 እስከ 60 ከሆነ የተከማቸ ሹልከት ነውና ኤርዝ ያስፈልገዋል። ሬዚስተሩ ተገጥሞም ንባቡ ከ150 በላይ ከቀረ ፌዝ ነክቷል፤ ወዲያው አጥፉ። በዚህ ጊዜ በሬዚስተሩ ውስጥ ወደ 22 ሚሊአምፔር ይሄዳልና ወደ 5 ዋት ይሞቃል፤ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት፣ በእጅም አትንኩት። በ60 እና በ150 መካከል ያለውን እንደ አደገኛ ቁጠሩት። ብዙ ጊዜ የረጠበ ኢንሱሌሽን ወይም የተበሳ የሻወር ማሞቂያ ነው።

የትኛው ክፍል እንደሆነ ለማወቅ የሁሉንም ክፍል ስፒና ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ ምንጩ ከክፍሎቹ አንዱ ስለሆነ አንድ በአንድ እየሰካችሁ አንብቡ። ባለሁለት እግር ስፒና ተገልብጦ ሲሰካ ንባቡ ሊለወጥ ስለሚችል ትልቅ ዝላይ ያሳየውን በሁለቱም አገባብ ሞክሩት። ሁሉም ተነቅሎ ንባቡ ካልወረደ ምንጩ ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና ቧንቧውን ፈልጉ።

እዚህ ላይ በእኛ አካባቢ የሚደጋገሙት ቦታዎች ይታወቃሉ። አንደኛው ከምሰሶ የሚመጣው የመብራት ሽቦ የቆርቆሮውን ጠርዝ የሚነካበት ነው። ባሕር ዛፍ ምሰሶ ሲያዘነብል ሽቦው ይረግብና በነፋስ ቆርቆሮውን ሲፈትግ ይከርማል፤ ሽፋኑ ሲላጥ ጣሪያው በሙሉ፣ ከጣሪያው ጋር የታሰረው የዲሽ እግርም አብሮ ፌዝ ይሆናል። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የመብራት አገልግሎት ነውና እጃችሁን አታስገቡበት፤ ሰው ከጣሪያውና ከበሩ ብረት አርቃችሁ አስጠሩ። ሁለተኛው የዲሽ ገመድና የመብራት ገመድ በአንድ ቱቦ ውስጥ የተጎተቱበት ወይም በአንድ ሚስማር የተመቱበት ነው። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የዲሽ ገመድ ለመያዝ የተመታ ሚስማር ከልስኑ በታች ያለውን የመብራት ገመድ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ሦስተኛው የሻወር ማሞቂያ ነው። የማሞቂያው ኤሌመንት ሲሰነጠቅ ውኃውና ቧንቧው ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ቧንቧው ሶሌታው ውስጥ ያለውን ፌሮ ይነካል፤ የዲሹም እግር በዚያው ፌሮ ላይ ተበይዷል። ሻወር የገባ እንግዳ «ነዘረኝ» ካለና በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ረብሻ ካለ ሁለቱን አቤቱታ አንድ ላይ አንብቧቸው።

አራተኛው ከሁሉ የሚያሳስበን ነው። ኤርዝ ባልተዘረጋበት ቤት አንዳንድ ሠራተኞች የሶኬቱን የኤርዝ እግር ከኒውትራሉ (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ውስጥ ለውስጥ ያገናኙታል። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሳለ ምንም አይታይም። የዚያ ክፍል ኒውትራል ሞርሴቶ (ሽቦ ማገናኛ) ላይ የላላ ቀን ግን፣ በባለሦስት እግር ስፒና የተሰካው ዕቃ ሻሲ በጭነቱ በኩል ፌዝ ይሆናል። የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ስለማያገኝ በዲሽ ገመዱ መረብ አድርጎ በሌላ ክፍል ኒውትራል ይመለሳል። የካውያ ወይም የውኃ ማፍያ ጭነት በቀጭን መረብ ላይ ሲያልፍ ገመዱ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ኮርኒስ ሊያያዝ ይችላል። የዲሽ ገመድ በእጅ ሲዳሰስ ሞቆ ካገኛችሁት ስለ ምስሉ ማሰብ ትታችሁ ዋናውን አጥፉና ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። በኒውትራልና በኤርዝ እግር መካከል ያለውን ማገናኛ አውጡ። ኤርዝ እስኪዘረጋ ድረስ የኤርዙ እግር ባዶ ቢቀር ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። ከጎረቤት ግቢ ጋር ዲሽ የተጋራ ቤት የራሱን ብሬከር ስላጠፋ ገመዱ ነፃ አይሆንም። የጎረቤቱ ኤሌክትሪክ በሌላ ቆጣሪ፣ ምናልባትም በሌላ ፌዝ ነው። የሁለቱ ግቢ ገመድ በሚገናኝበት ቦታ ነቅላችሁ ለዩት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሥሩ።

ኤርዝ

ለተከማቸ ሹልከት መድኃኒቱ ኤርዝ ነው፤ የማከፋፈያውን ሳጥንና የዲሹን እግር ማሰር። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚደርስ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ምቱ። የዲሹን እግር በ16 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ የገመዶቹን መረብ ማከፋፈያው ላይ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ከዚያው ጋር እሰሩ። ቤቱ ቀድሞ ኤርዝ ካለው አዲሱን ዘንግና የቤቱን ኤርዝ የግድ አገናኙ። ሁለት ያልተገናኙ ኤርዞች ሲኖሩ በመካከላቸው የሚፈጠረው ልዩነት በዲሽ ገመዱ መረብ በኩል ይመጣጠናል፤ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅም ዕቃ የሚቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዘንጉ ቦታ በግምት አይመረጥም። በደጀንና በቢቸና በኩል ያለው ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ጥሩ ያስተላልፋል፤ በጋ ላይ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይርቃል፣ ዘንጉም አየር ውስጥ እንደ ቆመ ይሆናል። ስለዚህ የጣሪያ አሸንዳ ወይም የልብስ ማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት ጥግ ምቱት፣ መለኪያውንም ክረምት ላይ ሳይሆን በየካቲት ወይም በመጋቢት ድገሙት። በቀዩ የቡሬና የእንጅባራ አፈር ስንጥቁ ያን ያህል አያስቸግርም።

ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። ኤርዙ 100 ኦም ቢሆን እንኳ 6 ሚሊአምፔር ሹልከትን ወደ 0.6 ቮልት ያወርደዋል፤ ገመዱ መንዘሩን ያቆማል። ነገር ግን ፌዝ ቢነካ 220 ለ100 ተካፍሎ 2.2 አምፔር ብቻ ይሄዳል፤ 16 አምፔር ብሬከር ይህን አይቶ አይወድቅም፣ ገመዱም ፌዝ እንደያዘ ይቆያል። መንዘሩ ስላቆመ ብቻ ቤቱ ደኅና ሆነ ማለት አይቻልም። በ30 ሚሊአምፔር የሚወድቅ የሹልከት ብሬከር፣ አርሲዲ የሚሉትን፣ ለክፍሎቹ መስመር አስገቡ። የሻወር ማሞቂያ ላለበት መስመርማ ያለ እሱ መተኛት አይገባም።

ቻናል ሲጠፋ

ሪሲቨሩ «ኤልኤንቢ ሾርት» ወይም «አንቴና ኦቨርሎድ» የሚል ጽሑፍ ካወጣ ነገሩ ቀላል ነው፤ የመሐል ሽቦውና መረቡ አንድ ቦታ ተነካክተዋል። በአብዛኛው ኮኔክተር ውስጥ ሳይታጠፍ የቀረ አንድ የመረብ ክር ነው። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ በኦም ለኩ። ጤነኛ ገመድ በመሐል ሽቦውና በመረቡ መካከል ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ካነበበ መካከለኛው ጆይንት ላይ ክፈሉትና የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለዩ፣ ያንንም እንደገና ለሁለት። ኤልኤንቢው እንደተገጠመ በኦም መለካት ግን አያዋጣም፤ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት የሚያሳስት ቁጥር ይሰጣል።

ከባዱና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ከፊሉ ቻናል ጠፍቶ ከፊሉ ሲቀር ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ሥራውን በግማሽ ይቀንሳል። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት የሚመጡት የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲዎች፣ 11105 እና 11545፣ ሁለቱም ሆሪዞንታል ናቸው፣ ሲምቦል ሬታቸው 45000። ማለትም 18 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ቶን አይፈልጉም። ናይልሳት ላይ ግን ቨርቲካልም ሆሪዞንታልም አለ። ኤልኤንቢ ከ13 ወደ 18 የሚቀይርበት ድንበር በ14 እና በ16 ቮልት መካከል ነው። ኤልኤንቢው ጋ የሚደርሰው ቮልት ከድንበሩ ሲወርድ ኤልኤንቢው ራሱን ወደ ቨርቲካል ይቀይራል። የዚህ ምልክት ግልጽ ነው፦ ኢትዮሳት በሙሉ ይጠፋል፣ በናይልሳት ኤልኤንቢ ላይ ደግሞ የቨርቲካሎቹ ቻናሎች ብቻ ይቀራሉ። ይህን ያየ ሰው «ዲሹ ዞሯል» ካለ ተሳስቷል፤ ቮልቱ በመንገድ አልቋል።

መለኪያው እንዲህ ነው። ኤልኤንቢውን ንቀሉና በእሱ ቦታ 100 ኦሙን ሬዚስተር በመሐል ሽቦውና በመረቡ መካከል እሰሩ። ሪሲቨሩን ሆሪዞንታል ቻናል ላይ አቁሙ። ሬዚስተሩ ወደ 180 ሚሊአምፔር ይስባል፤ ይህ ከአንድ ኤልኤንቢ ጭነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ያለ ሬዚስተር 18 አንብቦ ከሬዚስተሩ ጋር ከ16.5 በታች ከወረደ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ታሟል። ያለ ጭነት 18 ማንበቡ ምንም አያረጋግጥም፤ የዛገ ጆይንትም ያለ ጭነት 18 ያሳልፋል። ብዙ ጤነኛ ኤልኤንቢ የሚጣለው ይህን ባለማየት ነው።

የገመዱን ሬዚስታንስ ለማወቅ የሩቁን ጫፍ የመሐል ሽቦና መረብ አነካክታችሁ በዚህኛው ጫፍ ለኩ። 50 ሜትር የመሐል ሽቦው ሙሉ መዳብ የሆነ፣ አርጂ-6 የሚባለው የዲሽ ገመድ ሁለት ኦም አካባቢ ያነባል። ብረት ላይ መዳብ የተቀባው ርካሹ ገመድ ከ6 እስከ 8 ኦም ይሄዳል። ከ15 ኦም በላይ ካነበበ አንድ ቦታ ዝጓል። ገመድ ስትገዙ ማግኔቱን ወደ መሐል ሽቦው አስጠጉ፤ ከሳበው ብረት ነው። ብረት ማለት ፈጽሞ አይሠራም ማለት አይደለም። ለ20 ሜትር ይበቃል፣ ሲግናሉም በመዳቡ ቆዳ ላይ ስለሚሄድ አይጎዳም። ነገር ግን ከዲሹ እስከ ማከፋፈያ ላለው ዋና መስመር፣ ሙሉው ጭነት የሚያልፍበት ስለሆነ፣ መዳብ ግዙ።

ቻናሉ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ወጥ ቤቱን እዩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ መስመሩ ቀጭን ከሆነ 220ው ወደ 170 እና 160 ይወርዳል። ሪሲቨሮቹ ለዚህ አይደነግጡም፣ ብዙዎቹ ከ100 ቮልት ጀምሮ ይሠራሉ። የመልቲስዊቹ፣ ማለትም የኤልኤንቢውን መስመሮች ለብዙ ክፍል የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ አዳፕተር ግን ከባዱ፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ዓይነት ከሆነ፣ መብራቱ በወረደ መጠን እሱም ይወርዳል፤ 18 የነበረው 13 ይሆንና ሆሪዞንታል ይሄዳል። እንጀራ ሲጋገር ኢትዮሳት የሚጠፋበት ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀላሉ ዓይነት አዳፕተር ነው፣ ቮልቱና አምፔሩ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም አምፔሩ የሚበልጥ። ምጣዱን ደግሞ ከቆጣሪ ጀምሮ በራሱ መስመር አውጡት።

አንዱን ገመድ ለብዙ የሚከፍለው ስፕሊተር ላይ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው በላዩ የተጻፈው ፍሪኩዌንሲ ነው። ኤልኤንቢው 9750ን ቀንሶ ስለሚልክ 11105 በገመዱ ውስጥ 1355 ሜጋኸርዝ፣ 11545 ደግሞ 1795 ሆኖ ይወርዳል። ከ5 እስከ 1000 የሚለው ስፕሊተር ለተራ አንቴና ነው፤ ቢያሳይም ዝናብ ሲጀምር ይጥላችኋል። እስከ 2400 የሚለውን ፈልጉ። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የትኛው በር እንደሆነ ነው። በአንድ በር ብቻ የሚያሳልፈው ላይ ያ ክፍል ሪሲቨሩን ሲነቅል ሁሉም ክፍል ይጨልማል፤ «ክፍል 3 እንግዳ ሲወጣ ቤቱ በሙሉ ይጠፋል» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። በሁሉም በር የሚያሳልፈው ደግሞ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚለቅ ዳዮድ ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ የአንዱ ሪሲቨር 18 ወደ ሌላው ሪሲቨር ይገባና ሊያቃጥለው ይችላል። ሦስተኛው የሚበላው ሲግናል ነው፦ ለሁለት ሲከፈል 4 ዴሲቤል አካባቢ፣ ለአራት 8፣ ለስምንት 12። ስፕሊተር ላይ ስፕሊተር መደራረብ ለዚህ ነው የማይሆነው።

ኢትዮሳትን ብቻ ለሚፈልግ ፔንሲዮን ውድ መልቲስዊች አያስፈልግም። ሁሉም 18 ቮልትና ያለ ቶን ስለሆነ አንድ ባለ18 ቮልት ፓወር ኢንሰርተር (ኤሌክትሪክ ወደ ገመዱ የሚያስገባ ዕቃ) ከዲሹ በታች አስገብታችሁ፣ ወደ ክፍሎቹ የሚሄደውን በዲሲ ማገጃ ዘግታችሁ፣ በጥሩ ስፕሊተር ማከፋፈል ይቻላል። ያኔ የየትኛውም ክፍል ሪሲቨር ቢጠፋ ቢበራ ሌላውን አይነካም። ናይልሳትም ካስፈለገ ይህ መንገድ አይሠራም፤ የሁለቱ ሳተላይት፣ የቨርቲካሉና የሆሪዞንታሉ መስመር ተለይቶ መልቲስዊች ላይ መግባት አለበት። ከሁለት ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ በሚመርጠው የዳይሴክ ስዊች ሁለት ኤልኤንቢ አገናኝቶ ያንን ለብዙ ክፍል መክፈል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ አንዱ ክፍል ናይልሳት ሲመርጥ ሌላው የያዘው ይጠፋል።

ኮኔክተርና ውኃ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ የሚገባው በኤልኤንቢው ኮኔክተር ነው። ከገባ በኋላ እዚያ አይቆምም፤ በመረቡ ክሮች መካከል እየተሳበ ሜትሮችን ይወርዳል። መዳቡ አረንጓዴ፣ መረቡ ጥቁር ሆኖ ካገኛችሁት ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ቆርጣችሁ ጣሉ። ጫፉን ብቻ ፍቆ መልሶ ማሰር ለሳምንታት ነው። ናስትሮ ብቻውን ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይለቅና ውኃውን ከማስቀረት ይልቅ ውስጥ ይዞ ያስቀምጠዋል። ራሱን በራሱ የሚያያይዘውን የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፣ ናስትሮን በላዩ ለፀሐይ መከላከያ አድርጉት። ገመዱን ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ታች አጥፋችሁ አሳልፉ፣ ውኃው ከታጠፈበት እንዲንጠባጠብ።

ሲገጠም የመሐል ሽቦው ከኮኔክተሩ ከንፈር ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ይውጣ። ካጠረ አይነካም፤ ከረዘመ የሪሲቨሩን ሶኬት ሰብሮ ያሰፋዋል። የሚጠመዘዘው ኮኔክተር ለገመዱ ውፍረት ልክ መሆን አለበት፤ ለቀጭኑ አርጂ-59 ገመድ የተሠራ ኮኔክተር በአርጂ-6 ላይ በኃይል ሲገባ መረቡን ቆርጦ ይገባል።

ነጎድጓድና የመብራት መመለስ

ግንቦት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር፣ የክፍል ስፒና ብቻ መንቀል ግማሽ ሥራ ነው። በዲሽ ገመድ የሚመጣው በገመዱ ይገባልና ኮኔክተሩንም ንቀሉ። ኤርዝ የተሠራለት መስመር አጠገብ ከሚወድቅ መብረቅ የሚመጣውን ግፊት ይቀንሳል፤ ዲሹን በቀጥታ ከመታው ግን የሚያድን ነገር የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አስተማማኝ አይደሉም። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ፔንሲዮን ኒውትራሉ ከላላ ጭነት የቀለለበት ፌዝ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አንድ ክፍል አምፖሉ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ምልክቱ ይህ ነው፤ ዋናውን ወዲያው አጥፉ። ከ250 ቮልት በላይ ሲሆን የሚቆርጥና ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ መከላከያ ለማከፋፈያው ሳጥን አንድ፣ ከተቻለ ለየፌዙ አንድ ግዙ።

ሁሉም ሲስተካከል ልኬቱን በማይጠፋ ቀለም በማከፋፈያው ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፉት፦ ከ100 ኦሙ ጋር ስንት ቮልት፣ የዋናው ገመድ ስንት ኦም፣ ከ10 ኪሎኦሙ ጋር በመረቡ ላይ ስንት ቮልት፣ ቀኑና ወሩ፣ የትኛው ገመድ የየትኛው ክፍል እንደሆነም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ሰው ጤናው ስንት እንደነበር አውቆ ይጀምራል።